«የለም» ያለችኝን ሴት እንዴት ነው የምቆጥራት? በወሲብ ጥቃት ጥናት ላይ ምክር እፈልጋለሁ

ጀማሪዋ ተመራማሪ (ደብረ ብርሃን)

ሰላም ለሁላችሁ። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሡኝ።

የማስተርስ መመረቂያዬን የምሠራው በሰሜን ሸዋ ገጠር ሴቶች ላይ ስለሚደርስ የወሲብ ጥቃት ነው። ሰሞኑን መጠይቁን ወደ መንዝ አቅጣጫ ባለች አንዲት ቀበሌ ሞከርነው። ዋናው ጥያቄ እንዲህ ይላል፦ «በሕይወት ዘመንዎ የወሲብ ጥቃት ደርሶብዎት ያውቃል?» መልሱ አዎ ወይም የለም ነው። ካነጋገርናቸው ሴቶች አንዲትም «አዎ» አላለችም። አንዲትም።

ከእነሱ አንዷን ላጫውታችሁ። ማን እንደሆነች የሚያሳውቅ ነገር አልጠቅስም። ምጣድ ላይ ገብስ ትቆላ ነበር። ጥያቄውን ሳነብላት ቀና እንኳ አላለችም። «ኧረ የለም፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አለችኝ። «የለም» የሚለውን ነካሁና ወደሚቀጥለው አለፍኩ። ጨርሼ ታብሌቱን ቦርሳዬ ውስጥ ከከተትኩ በኋላ ነው ወሬው የመጣው። ቆሎ ዘግና ሰጠችኝ፤ እየቆረጠምን ስለ ኑሮ ስታወራኝ እንዲህ አለች፦ «ጠጥቶ የመጣ ቀንማ እምቢ ማለት የለም። አንድ ቀን እምቢ ብዬው በዚያ ውርጭ ደጅ አሳደረኝ። ከዚያ ወዲህ ዝም ነው።» ትንሽ ቆይታ ደግሞ «ይኼ መቼም አንቺ የምትጠይቂው ውስጥ አይገባም። ባሌ ነው» አለችኝ።

ታብሌቱ ላይ ግን «የለም» ብላ ተመዝግባለች።

ለአማካሪዬ ደውዬ ነገርኩት። «ጥሩ ነው፣ በአካባቢው ችግሩ ዝቅተኛ ነው ማለት ነው፤ ቀጥዪ» አለኝ። እኔ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም። ይህን ቁጥር አትሜ አንድ ቢሮ ቢገባ፣ «እዚያ ወረዳ ይህ ነገር የለም» ተብሎ ቢጻፍ፣ ያቺን ሴት ደግሜ ደጅ አሳደርኳት ማለት አይደለም?

ምኑን ልቀይር? ልምድ ያላችሁ እባካችሁ።

---

ባና ለባሹ (ስታቲስቲክስ አስተምራለሁ)

እህቴ፣ ሴትየዋ አልዋሸችሽም። የጠየቅሻትን ነው የመለሰችልሽ። «የወሲብ ጥቃት» የመሥሪያ ቤት ቃል ነው። በስብሰባ ላይ፣ በፖስተር ላይ፣ በሬዲዮ ላይ የሚኖር ቃል። እሷ ጆሮ ውስጥ «ጥቃት» ሲገባ የሚታያት ጫካ ውስጥ የማታውቀው ሰው ነው፤ ጩኸት ነው፤ ፖሊስ ነው። በገዛ ቤቷ፣ በገዛ መደቧ ላይ የሆነውን በዚያ ቃል አታስበውም።

ይህ የእኛ አገር ጉዳይ ብቻ እንዳይመስልሽ። አሜሪካ ውስጥ ሜሪ ኮስ የምትባል የሥነ ልቦና ተመራማሪ ከባልደረቦቿ ጋር እ.ኤ.አ. በ1987 ያሳተመችው ጥናት አለ። በ32 ኮሌጆችና ዩኒቨርሲቲዎች ከ6 ሺህ በላይ ተማሪዎችን ጠየቀች። «ተደፍረሽ ታውቂያለሽ?» ብላ አልጀመረችም። የሆነውን ድርጊት በግልጽ እየዘረዘረች ነው የጠየቀችው፦ አልፈልግም ብለሽ ሳለ ጉልበት ተጠቅሞ፣ እጅሽን ይዞ፣ አስፈራርቶ እንዲህ ያደረገ አለ ወይ? መልሳቸው በሕግ አስገድዶ መድፈር የሚባለውን ከሚያሟላው ሴቶች መካከል ራሳቸው «ተደፍሬያለሁ» የሚሉት ከ4 አንዷ ገደማ ብቻ ነበሩ። እነዚህ ዩኒቨርሲቲ የገቡ፣ ሕጋቸው ቃሉን በየቀኑ የሚጠቀምባቸው ልጆች ናቸው። የመንዟን እናት እንግዲህ አስቢ።

ሌላም አለ። ቦኒ ፊሸርና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2000 ያወጡት የኮሌጅ ሴት ተማሪዎች ጥናት። ሁለት ጥናቶችን ጎን ለጎን አስኬዱ። ሕዝቡ አንድ፣ አጠያየቁ በስልክ አንድ። የተለየው በዋናነት የጥያቄው አቀራረብ ነበር። አንዱ መንግሥት የወንጀል ተጠቂዎችን በሚቆጥርበት ዘይቤ ጠየቀ፤ ሌላው ድርጊቱን በዝርዝር እየገለጸ ጠየቀ። በዝርዝር የጠየቀው የአስገድዶ መድፈር መጠን 11 እጥፍ ያህል ከፍ ብሎ ወጣ። 11 እጥፍ! በሴቶቹ ሕይወት ውስጥ ምንም አልተለወጠም። የተለወጠው ዓረፍተ ነገሩ ነው።

ስለዚህ መለያውን ጣይው። ድርጊቱን ጠይቂ። አንዱን ትልቅ ጥያቄ ወደ በርካታ ትንንሽ ጥያቄዎች በትኚው። አንድ ጥያቄ ብቻ ሲሆን ሴትየዋ ለመደንገጥም ለማሰብም ጊዜ የላትም፤ «የለም» ብላ ትገላገላለች። ብዙ በር ስትከፍቺላት በአንዱ ትገባለች።

ለአማካሪሽም በትሕትና አስረጂው። ሙከራ የሚደረገው መጠይቁ እንደማይሠራ ቀድሞ ለማወቅ ነው። የአንቺ ሙከራ ሥራውን ሠርቷል።

---

ሲስተር ከጣርማ በር ሥር (አዋላጅ ነርስ)

መምህሩ ያሉት ልክ ነው። እኔ ደግሞ ስለ ቤቱ ልናገር፤ በዳታ ሰብሳቢነትም በሱፐርቫይዘርነትም ብዙ ቤት ገብቻለሁ።

ልጄ፣ ስትጠይቂያት ማን ነበር ቤት ውስጥ? ይህን አልነገርሽንም። አማትየዋ መደብ ላይ ጋደም ብለው ነበር? አሥር ዓመት የሞላት ልጅ ጥግ ላይ ጥጥ ትፈትል ነበር? መንገድ መሪ ብሎ ቀበሌው የሰጠሽ ሰውዬ አጥሩ ሥር ቁጭ ብሎ ይጠብቅሽ ነበር? የገጠር ቤት አንድ ክፍል ነው። ግድግዳው ጭቃ ነው፤ ነገር አያግድም። የመንዝ ሴት ገመናዋን አማቷ እየሰማች አታወጣም። እኔም አላወጣም።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2001 ለዚህ ሥራ ያወጣው የደኅንነትና የሥነ ምግባር መመሪያ አለ። ፈልጊና አንብቢው። ከአንድ ቤት የምትጠየቀው አንዲት ሴት ብቻ ናት። ሁለቱ ከተጠየቁ አንዷ ሌላዋ ምን እንደተባለች ታውቃለች፤ ወሬው ባል ጆሮ ይገባል። ከሁለት ዓመት በላይ የሆነ ልጅ እንኳ ባለበት አይጠየቅም። ልጅ የሰማውን ማታ ለአባቱ ይናገራላ! የጥናቱ ስምም መንደር ውስጥ «የጥቃት ጥናት» ተብሎ አይነገርም። «የሴቶች ጤናና ኑሮ» ይባላል። ሴትየዋ ራሷ ግን ለብቻዋ ስትሆን ምን እንደምትጠየቅ በግልጽ ተነግሯት፣ ካልፈለገች መዝለል እንደምትችል አውቃ፣ ፈቅዳ ነው የምትቀጥለው።

አንድ ቀን የደረሰብኝን ልንገርሽ። ከአንዲት ሴት ጋር ጓሮ፣ ኩበት ክምር አጠገብ ተቀምጠን እያወራን ነው። ከባዱ ጥያቄ ላይ ደርሰናል፤ ድምጿ ዝቅ ብሏል። ባልየው ከየት መጣ ሳንለው ደረሰ። ዱላውን ተደግፎ ቆመ። እኔ ወረቀቴን ገለበጥኩና «እና የመጨረሻ ልጅሽ የኩፍኝ ክትባቱን ወሰደ?» አልኳት። ወዲያው ገባት። «አዎ፣ ጤና ጣቢያ ወስጄዋለሁ» አለችኝ። ስለ ክትባት፣ ስለ ሽንት ቤት፣ ስለ ውኃ አሥር ደቂቃ አወራን። እሱ ሰለቸውና ሄደ። እሷ ግን ያንን ወሬ አልቀጠለችም። እኔም አልጎተጎትኳትም። ያ የማስመሰያ ጥያቄ ሁልጊዜ በእጅሽ ይሁን። ታብሌት ከሆነ ገጹን በአንድ ንክኪ መቀየር የሚቻልበትን መንገድ ቀድመሽ አሠሪ።

እና ያ መንገድ መሪ ከአጥሩ ይራቅ። ሌላ ቤት ላኪው።

---

የሸዋሮቢት ልጅ

ይቅርታ፣ እኔ ትንሽ የተለየ ሐሳብ አለኝ። ጉዳዩ እንደሚያሳምመኝ እወቁልኝ፤ እህቶች አሉኝ። ግን አንድ ጥያቄ አንድ መልስ ሲሰጥ፣ በአሥር ጥያቄ እስክታምን መጎትጎት ቁጥሩን ማስነሳት አይሆንም ወይ? ሴትየዋ ራሷ «ጥቃት አይደለም» ካለች እኛ ማን ነን ጥቃት ነው የምንለው? ነገ አንድ ሰው መጥቶ «ተመራማሪዎቹ አጋንነውታል» ቢል ምን መልስ አለን?

---

ባና ለባሹ

ወንድሜ፣ ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ይህን የሚጠይቅ ያስፈልገናል። አጋኖ መቁጠርም በደል ነው።

መጀመሪያ፣ ድርጊቱን መጠየቅና ማሳመን አንድ አይደሉም። «ደጅ አሳድሮሽ ያውቃል?» ብትላት አዎ እንድትል የሚገፋት ምንም የለም፤ አዎ ወይም የለም ትላለች። ስሙን ምን ትለዋለች የሚለው ሌላ ጥያቄ ነው። እሱም ይጠየቅ። በኋላ። ሁለቱ ለየብቻ ቢመዘገቡ እንዲያውም ትልቁ ግኝት እዚያ ውስጥ ነው።

ሆኖም አንተ የፈራኸው ስህተት በእውነት አለ። ምሳሌ ልስጥህ። አንድ ሺህ ሴቶች አሉ እንበል። ባለፉት 12 ወራት የደረሰባቸው በእውነት 20 ናቸው እንበል። ምንም ካልደረሰባቸው 980 መካከል ከመቶ አንዷ ብቻ ጥያቄውን በሌላ መንገድ ተረድታ «አዎ» ብትል 10 ሰው ተጨመረ። ቁጥሩ በግማሽ አደገ ማለት ነው። ጥቂት የሚሆን ነገር ስትቆጥር ትንሽ መሳት ትልቅ ይሆናል። በሌላ በኩል ከ20ዎቹ 15ቱ ደብቀው ቢሆንስ? ሁለቱም ስህተቶች አብረው ይኖራሉ። እስካሁን ባየኋቸው ጥናቶች የሚበዛው የመደበቁ ነው።

አንዱ የማጋነን ምንጭ ጊዜ ነው። ከባድ ነገር በአእምሮ ውስጥ ቅርብ ይመስላል። የዛሬ ሁለት ዓመት የሆነውን «ዘንድሮ» ትልሃለች። ውሸት አይደለም፤ ቁስሉ ነው የሚያቀርበው። ስለዚህ «ባለፉት 12 ወራት» አይባልም ገጠር ውስጥ። ማን ወር ይቆጥራል? «ካለፈው ጥምቀት ወዲህ» ይባል። ወይም «ከባለፈው ዓመት የገብስ አጨዳ ወዲህ»። መጀመሪያ «በሕይወትሽ ሆኖ ያውቃል?» ትላለህ፤ ከዚያ «የመጨረሻው ከጥምቀት በፊት ነው በኋላ?»። በዚህ ብዙው ይጠራል።

ሁለተኛው ጥያቄው ራሱ ሁለት ትርጉም እንዳይኖረው ነው። «ሳልፈልግ» ብቻውን ሰፊ ነው። ደክሟትም አልፈለገችም ይሆናል። «ሳልፈልግ፣ እምቢ ብል የሚያደርገኝን ፈርቼ» ግን ሌላ ነው። የኮስ የመጀመሪያ መጠይቅም አልኮልን በሚመለከተው ጥያቄ ብዙ ተተችቷል፤ ኋላ ላይ ተሻሽሏል። መጠይቅ በትችት ነው የሚጠራው።

---

ጠበቃዋ

ከሕግ በኩል ልጨምር። የሸዋሮቢት ወንድማችን «ሴትየዋ ጥቃት አይደለም ካለች» ያለውን ሳነብ ልቤ ተነካ። ምክንያቱም ሕጉም እንደዚያው ስለሚል።

የ1996ቱ የወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 620 አስገድዶ መድፈርን የሚተረጉመው ከጋብቻ ውጪ የተፈጸመ ብሎ ነው። ማለትም ያቺ ቆሎ የምትቆላ እናት «ባሌ ነው» ስትል አንቀጹን ቃል በቃል እየነገረችሽ ነው። እሷ ሕግ አላነበበችም። ሕጉ ግን እሷ ከምታስበው ነው የተጻፈው። ጥናትሽ የሚቆጥረው ሕጉ ወንጀል ያለውን ብቻ ከሆነ ትልቁን ክፍል አትቆጥሪውም። የምትቆጥሪው የደረሰባትን ነገር ነው። ፍርድ ቤት አይደለሽም።

ስለ ጠለፋም አንድ ነገር። በድሮው የ1949 የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው ልጅቱን ካገባት ቅጣቱ ይቀርለት ነበር። የ1996ቱ ያንን አንስቶታል፤ አሁን አንቀጽ 587 ላይ ነው። በድሮው ሕግ ዘመን የተዳሩ እናቶች አሁንም በየቤታችን አሉ። እኔ ቢሮ የመጡ አንዲት እናት በውርስ ጉዳይ ሲያጫውቱኝ «እኔማ ተጠልፌ ነው የገባሁት» አሉኝ፤ የአየር ሁኔታ እንደሚያወሩ። «እትዬ፣ ያኔ ተደፍረው ነበር ማለት ነው?» ብዬ ብጠይቃቸው ክው አሉ። «ምን ማለትሽ ነው? ትዳሬ ነው!» ተቆጡ። ይቅርታ ጠየቅኳቸው። ስህተቱ የእኔ ነበር። «ተጠለፍኩ» የሚለው ቃል ለእሳቸው የሚነገር ነው። «ተደፈርኩ» ግን ክብራቸውን የሚወስድ ቃል ነው። ስለ አንድ ሌሊት ነው የምናወራው።

በልጅነት ለተዳሩትም እንዲሁ። ስለዚህ የመጀመሪያውን ጊዜ ለብቻው ጠይቂ። ዕድሜ ስንት ነበር? ፈልገሽው ነበር፣ ባትፈልጊውም ሆነ፣ ወይስ በግድ ነበር? መካከለኛው ምርጫ ከሌለ ብዙዎቹ መውጫ ያጣሉ።

---

ዳታ ሰብሳቢ ነበርኩ

እኔ የማውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው። ሥልጠናችን አንድ ቀን ነበር። ግማሹ ስለ ታብሌት ቻርጅ፣ ግማሹ ስለ አበል። በማግስቱ ቤት ለቤት ሄድን። በቀን የምንሞላው ብዛት ስለተወሰነልን ያቺን ገጽ እንደ ጸሎት ዳዊት በአንድ ትንፋሽ ነበር የማነበው። «የለም» ሲሉኝ ደስ ይለኝ ነበር። «አዎ» ካለች ተከታይ ጥያቄው ብዙ ነው፤ ይመሻል። አሁን ሳስበው ያመኛል። የስንቷን አፍ ዘጋሁት?

---

ባና ለባሹ

እህቴ፣ ስለተናገርሽው አመሰግናለሁ። የሚገርምሽ ይህንንም የለካ አለ። የዓለም ጤና ድርጅት በበርካታ አገሮች በሴቶች ላይ ስለሚደርስ ጥቃት ያደረገው ጥናት ሰርቢያ ላይ ሲካሄድ ሁለት ዓይነት ጠያቂዎች ነበሩ። አንዶቹ ልምድ ያላቸው ባለሙያ ጠያቂዎች ሆነው የአንድ ቀን ሥልጠና ያገኙ። ሌሎቹ ልምድ የሌላቸው ግን ከሁለት ሳምንት በላይ የሠለጠኑ። የተሻለ ምላሽ ያገኙት፣ ሴቶቹም ይበልጥ የተናገሩላቸው፣ አዲሶቹ ናቸው። ዋናው ልምዱ አልነበረም። ለምን እንደሚጠይቁ ያወቁት እነሱ ነበሩ።

ስለ አገራችን ቁጥሮችም አንድ ልበል፤ ብዙ ሰው ይምታታበታል። የዚያው ድርጅት ጥናት ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ጋር ቡታጅራ ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2005 ሪፖርቱ ሲወጣ፣ ባል ወይም ወዳጅ ኖሯቸው ከሚያውቁ ሴቶች 59 በመቶው በሕይወታቸው ከእሱ የወሲብ ጥቃት እንደደረሰባቸው አሳየ። እ.ኤ.አ. በ2016 የተሠራው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ደግሞ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ከሆነ ሴቶች 10 በመቶ የሚሆኑት የወሲብ ጥቃት ደርሶብናል እንዳሉ ጻፈ። ከ59 ወደ 10 ወረደ ብሎ በስብሰባ ላይ ሲነገር ጆሮዬ ሰምቷል። እንደዚያ አይባልም!

አንዱ በአንድ አካባቢ ያለ ገጠር ነው፤ ሌላው መላ አገሪቱ። አንዱ ሙሉ ለሙሉ ስለዚህ ጉዳይ የተሠራ፣ ጠያቂዎቹም ለዚሁ የሠለጠኑ ነው፤ ሌላው ስለ ወሊድ፣ ስለ ክትባት ጠይቆ ጠይቆ መጨረሻ አካባቢ የሚደርስበት ነው። እስከዚያ ሴትየዋ ደክሟታል። ዋናው ደግሞ ይኼ ነው፦ የቡታጅራው መጠይቅ «እምቢ ብል ምን ያደርገኛል ብለሽ ፈርተሽ፣ ሳትፈልጊ የፈጸምሽበት ጊዜ አለ?» የሚል ለብቻው የቆመ ጥያቄ ነበረው። የ2016ቱ ያተኮረው ማስገደድና ማስፈራራት ላይ ነው። «ከዚያ ወዲህ ዝም ነው» ያለችሽ ሴት በመጀመሪያው ትቆጠራለች። በሁለተኛው ትቀራለች ብዬ እሰጋለሁ። ከዚያ ወዲህ ባሉት ሌሊቶች ማንም እጇን አልያዘም፤ ማንም አልዛተባትም። ውርጩ ትዝ ይላታል፤ በቃ።

ከ2016ቱ ጥናት እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ቁጥር ነው። አካላዊ ወይም የወሲብ ጥቃት ከደረሰባቸው ሴቶች 66 በመቶው እርዳታ አልጠየቁም፣ ለማንም አልተናገሩም። ለማንም። ጠያቂዋ የመጀመሪያ ሰሚ ናት ማለት ነው።

---

የሸዋሮቢት ልጅ

ይኼኛው ገባኝ። የፍርሃቱ ጥያቄ። አመሰግናለሁ መምህር፣ ጠበቃዋም።

ሌላ ልጠይቅ። ፊት ለፊት ካፈረች በምስጢር መልስ የምትሰጥበት መንገድ የለም?

---

ሲስተር ከጣርማ በር ሥር

አለ። የዓለም ጤና ድርጅት ጥናት ላይ ሴትየዋ ልጅ እያለች የደረሰባትን በሚመለከት መጨረሻ ላይ ካርድ ይሰጣት ነበር። አንድ ያዘነ ፊት፣ አንድ ፈገግ ያለ ፊት ተስሎበታል። ማንበብ አያስፈልግም። ጠያቂዋ ሳታይ ምልክት አድርጋ፣ አጥፋ፣ ፖስታ ውስጥ ከትታ ታሽገዋለች። በአፍ «የለም» ብለው በካርዱ «አዎ» ያሉ በብዙ አገሮች ተገኝተዋል።

በጆሮ ማዳመጫ ጥያቄውን በራሷ ቋንቋ እየሰማች በታብሌት ቀለም የምትነካበትም አለ። ከተማ ላይ ጥሩ ነው። አንኮበር ቆላ ውስጥ ግን አንዲት እናት ጆሮዋ ላይ ነገር አድርገሽባት ጎረቤት ሁሉ ተሰብስቦ ይመለከታታል።

---

ባና ለባሹ

ሌላው የዝርዝር ዘዴ ነው። ለግማሾቹ ሴቶች አራት ተራ ነገር ታነቢያለሽ፦ ዘንድሮ በግ ሸጫለሁ፣ ደብረ ብርሃን ሄጃለሁ፣ የመሳሰለውን። ለሌሎቹ ግማሾች እነዚያኑ አራትና አምስተኛውን፣ ከባዱን። ሴትየዋ የትኛው እንደሆነ አትናገርም። እውነት የሆነላት ስንቱ እንደሆነ ብቻ ነው የምትለው። ከፈለገች ቆሎ እየቆጠረች። የሁለቱ ቡድን አማካይ ልዩነት አምስተኛው ለስንት በመቶ እውነት እንደሆነ ይነግርሻል። ማንም ግን የአንዲትን ሴት መልስ አያውቅም። ጉዳቱ ብዙ ሰው ይፈልጋል፤ የትኛዋ ሴት እርዳታ እንደሚያስፈልጋትም አይነግርሽም። ለመመረቂያ ጽሑፍ አልመክርሽም።

---

አድማጭ (ደብረ ብርሃን፣ ከተፈናቃዮች ጋር እሠራለሁ)

ሁላችሁም ስለ መጠየቅ አወራችሁ። እኔ ስለ ተጠያቂዋ ልናገር፤ ትንሽ ልቆጣ ነው፣ ይቅር በሉኝ።

መጠለያ ውስጥ ያሉ እህቶች በተለያየ ድርጅት ተደጋግመው ተጠይቀዋል። አንዷ «እኔ ታሪኬን ለስንተኛ ጊዜ ነው የማወራው? ስኳር እንኳ አመጡልኝ?» ብላኛለች። ከዚያ ወዲህ የመጣ ሁሉ የሚያገኘው መልስ «የለም» ነው። አንዳንዷ ደግሞ ብናገር እርዳታ ይሰጡኛል ብላ የጎረቤቷን ታሪክ የራሷ አድርጋ ልትናገር ትችላለች። አልፈርድባትም። ስለዚህ ከመጠየቃችሁ በፊት «ብትናገሪም ባትናገሪም የሚሰጥም የሚቀርም ነገር የለም» ተብሎ በግልጽ ይነገር።

እና መላኪያ ቦታ የሌለው ሰው አይጠይቅ! በዚያው ሳምንት የደረሰባት ሴት ብታጋጥምሽስ? የኤችአይቪ መከላከያ መድኃኒት የሚሠራው በ72 ሰዓት ውስጥ ከተጀመረ ነው። ለድንገተኛ የእርግዝና መከላከያ ቢበዛ አምስት ቀን። መጠይቁን ጨርሰሽ መኪና ውስጥ ገብተሽ ከሄድሽ በኋላ ትዝ ቢልሽ ዋጋ የለውም። የቅርቡ ጤና ጣቢያ ስልክ፣ የሴቶች ጉዳይ ባለሙያዋ ስም፣ የመጓጓዣ ብር በኪስሽ ይኑር። አድራሻውንም ለብቻው ወረቀት ላይ ጽፈሽ አትስጫት፤ ወረቀት ባል ያገኘዋል። ከሌሎች የጤና አድራሻዎች ጋር ቀላቅለሽ ስጫት።

ወንዶች ልጆችም አሉ። የ2016ቱ ጥናት የጥቃት ጥያቄዎቹን ያቀረበው ለሴቶች ብቻ ነው። እረኛ ልጅ፣ ጎዳና ላይ ያደረ ልጅ፣ ማን ጠይቆት ያውቃል? ይህ የአንቺ ጥናት አይደለም፤ ግን ይታወቅ።

---

ጀማሪዋ ተመራማሪ

አነበብኩት፤ ደግሜ አነበብኩት። ሲስተር፣ አዎ፣ አማትየዋ ደጃፉ ላይ ነበሩ። ጥሬ ይለቅሙ ነበር። እኔ አላሰብኩትም። ታብሌቱን ከዘጋሁ በኋላ ያወራችኝ ለካ እሳቸው ተነሥተው ወደ ጎረቤት ስለሄዱ ነው።

ለአማካሪዬ የፊሸርን ጥናት ላክሁለት። ዝም ብሎ ቆየና «ጥያቄዎቹን አምጪ» አለኝ። አመጣሁ። ለአክስቴም አነበብኩላት፤ ተወልዳ ያደገችው መሐል ሜዳ ነው። የመጀመሪያው ላይ «የግብረ ሥጋ ግንኙነት» የሚል ነበር። «ይኼ የሐኪም ነው፤ ያፍሩታል» አለችኝ። «መገናኘት» ብዬ ቀየርኩት። «ይኼማ ገበያም ይገናኛሉ» አለች። መጨረሻ ላይ «አብሮ መተኛት» ላይ ተስማማን። አሁን እንዲህ ይላሉ፦

«በትዳር ውስጥ ደስታም አለ፣ ችግርም አለ። አንዳንድ ሴቶች የነገሩንን ላንብብልዎ፤ እርስዎንም ገጥሞዎት እንደሆነ ይንገሩኝ። ባለቤትዎ ወይም ሌላ ሰው፣ እርስዎ እምቢ እያሉ፣ በጉልበት አብሮዎት የተኛበት ጊዜ አለ?»

«በጉልበት ባይሆንም፣ እምቢ ብል ይመታኛል፣ ደጅ ያሳድረኛል፣ ልጆቼን ያንገላታብኛል ብለው ፈርተው፣ ሳይፈልጉ አብረው የተኙበት ጊዜ አለ?»

ሁለተኛውን ሳነብላት አክስቴ ብዙ ቆየች። ሻይ ልቅዳልሽ ብላ ተነሣች። እኔም አልጠየቅኳት።

ከዚያ ቀጥሎ «የመጨረሻው ከጥምቀት በፊት ነው በኋላ?» አለ። ስሙን የሚጠይቀው የመጨረሻው ነው፦ «ይህንን እርስዎ ምን ይሉታል?» መልሱን በራሷ ቃል እጽፈዋለሁ። የመጀመሪያዋን ሴት መዝገብስ? ልለውጠው ወይስ እንዳለ ልተወው?

---

ባና ለባሹ

እንዳለ ተዪው። ያቺ ፈቅዳ የመለሰችው እሱን ነው፤ ከዚያ በኋላ ያወራችሽ ለአንቺ ነው እንጂ ለጥናቱ አይደለም። ሙከራውን ከዋናው ናሙና ጋር አትቀላቅዪ። ለውጡን ግን በጽሑፍሽ ውስጥ አስፍሪው፤ የትኛው ቃል በየትኛው እንደተተካ፣ ለምን እንደተተካ። ቀጥሎ ለሚመጣው ተማሪ ከቁጥርሽ ይልቅ እሱ ይጠቅመዋል።

«ደጅ ያሳድረኛል» የሚለው በጣም ጥሩ ነው። ከመጽሐፍ አይገኝም። አንድ ነገር ብቻ፦ «ባለቤትዎ ወይም ሌላ ሰው» የሚለውን ለሁለት ክፈዪው። አሁን «አዎ» ብትልሽ ማን እንደሆነ አታውቂም።

---

ሲስተር ከጣርማ በር ሥር

ልጄ፣ አክስትሽ ዘንድ ዞር ብለሽ ሂጂ። ስለ ጥናቱ አታንሺ። ሻይ ጠጪ።

ለሁለተኛው ሙከራ ደግሞ ቀኑን ምረጪ። በሚካኤል፣ በማርያም፣ በበዓለ ወልድ አትሂጂ። በዓል ነው፤ ገበሬ አያርስም፤ ባል ቤት ይውላል። ቅዳሜና እሑድም እንዲሁ። በሥራ ቀን ጠዋት ሂጂ፤ ወንዶቹ በሬ ጠምደው ከወጡ በኋላ፣ ሴቶቹ ውኃ ቀድተው ሲመለሱ። ምንጭ ድረስ አብረሽያት ውረጂ። እዚያ መንገድ ላይ አማት የለም።